በቀትር የሚንገዳገደው ነጋዴ

ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አለፉ፤ የሰው እግር ማየት ግን አልተውኩም። ደጄ ላይ ተቀምጬ መንገደኛ ሲያልፍ ከፊቱ በፊት ጫማውን ነው የማየው። ልጆቼ "እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?" ይሉኛል። ያለውን ይበል። የጫማ አፍንጫ ከተረከዙ ቀድሞ ሲያልቅ ያ እግር አይነሳም፣ ይጎተታል ማለት ነው። ይህን ያስተማሩኝ ሰው ካየኋቸው አለቆች ሁሉ የበለጡት ናቸው፤ ስለዚህ ሲያምረኝ አየዋለሁ።

በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ዓይኗ ደብዝዞ፣ እጇም ደንዝዞ ሆስፒታል ሄደች። ማሽን ውስጥ አስተኝተው አንጎሏን አነሱና መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው አሏት። እናቷ እያለቀሰች ቤቴ መጣች። "እትዬ፣ እንዲህ ያለ በሽታ አገራችን ውስጥ መቼ ነበር?" አለችኝ። ነበር አልኳት፤ ጋምቤላ ነበር፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ። ቁጭ በይና ልንገርሽ አልኳትና ነገርኳት። ስጨርስ ማልቀሷን ትታ ጥያቄ ትጠይቀኝ ነበር። እዚህ የምጽፈው ለእሷ የነገርኳትን ነው።

ነርስ ሆኜ ስመረቅ የሥራ ቦታ በዕጣ ነበር የሚደለደለው። ለእኔ ጋምቤላ ወጣ። ጓደኞቼ ለቅሶ የደረሱ ይመስል እያቀፉ ሳሙኝ። የበረሃ አበል ተብሎ ጥቂት ብር ይጨመርልን ነበር፤ ምን ላይ እንደሚውል ግን ጠይቃችሁ አትድከሙ። አውሮፕላኑ ሳሩ ላይ አርፎ በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ምርጫ ቢኖረኝ ኖሮ ሳልወርድ እዚያው ተቀምጬ በተመለስኩ ነበር። አልተመለስኩም። ስድብም፣ ዋናም፣ ሥራም የተማርኩት እዚያ ነው።

ጤና ጣቢያችን ከባሮ ወንዝ ራቅ ብሎ ከማንጎ ዛፎች አጠገብ ነበር። ኃላፊው አቶ መኩሪያ የሚባሉ ጤና መኮንን ናቸው። ሕዝቡ "ዶክተር" ይላቸዋል፤ "ዶክተር አይደለሁም" ማለት ሰልችቷቸው ትተውታል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናደዱም ድምፃቸው ዝቅ የሚል የመንዝ ሰው ነበሩ። በሽተኛ ከማንጎው ጥላ ተነሥቶ እስኪመጣ በር ላይ ቆመው አካሄዱን ያያሉ። "ግማሹን እዚያው መንገድ ላይ ነገረኝ" ይላሉ። በሽተኛውን ወንበር ላይ ያስቀምጡና እሳቸው ከሱ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ "ከዚያ በፊትስ?" ሰውየው ትናንት ሆዴን አመመኝ ካለ፣ ከዚያ በፊትስ? ባለፈው ክረምት አሞኝ ነበር ካለ፣ ከዚያ በፊትስ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለው የእሳቸው ነገር ነው። ዘበኛችንና አስተርጓሚያችን ኦጁሉ፣ ጎልማሳ አኙዋክ፣ አንድ ቀን ታክቶት "ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ ከዚያ በፊት አልተወለደም" ብሎ አስቆናል።

ሌላው ልማዳቸው አነጋገር ላይ ነበር። "ዳነ አትበዪ፤ ተሻለው በዪ" ይሉኛል። በወጣትነቴ ይህ ንፍግነት ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ በሰዒድ ነው።

ሰዒድ የጨርቅና የዶቃ ነጋዴ ነበር። ወሎ ተወልዶ ጅማ ያደገ፣ ዕድሜው ሠላሳ አካባቢ የሆነ፣ ከደንበኞቹ ጋር በአኙዋክኛ ሲከራከር ኦጁሉን እንኳ የሚረታ ሰው። ዘሃራ የምትባል ሚስት ነበረችው፤ አንዲት ሕፃን ልጅም ወልደው ነበር። ኢማሙ መንገድ ሲሄዱ በትንሿ መስጊድ የሚያሰግደው እሱ ነበር። ስሙ ንጹሕ ነበር፤ ለነጋዴ ደግሞ ከስም የሚበልጥ ዕቃ የለም።

መጀመሪያ የመጣው በክረምት ነው። ከወገቡ በታች ደንዝዞ፣ ሁለት ሰው ደግፎት። ጋምቤላ ውስጥ የታመመ ሁሉ ሌላ ነው እስኪባል ድረስ ወባ ነው፤ ደሙም ውስጥ ተገኘ፣ የማን ደም ውስጥ አይገኝም? የወባውን ኪኒን ሰጠነው፤ እኔም የቫይታሚን መርፌ በየቀኑ ወጋሁት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰዒድ በእግሩ እየተራመደ መጣ። ከተማው ወሬውን ተቀባበለው። የሲስተር እጅ መድኃኒት ነው ተባለ። እግሩን ያመመው፣ ወገቡን ያመመው፣ ሚስቱ ያኮረፈችው ሳይቀር "የሰዒድን መርፌ ውጊኝ" እያለ ተሰለፈ። እኔ ምስጋና አልጠላም፤ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

አቶ መኩሪያ ብቻ ደስ አላላቸውም። "እኛ ያደረግንለት ነገር የለም" አሉኝ። "በሽታው ራሱ መጣ፣ ራሱ ሄደ። ራሱ የሄደ ነገር መንገዱን ያውቀዋል።" አኮረፍኳቸው። ምንም ሳላደርግ ያን ሁሉ መርፌ ወጋሁ ወይ ብዬ።

በጋ ሲገባ ተመለሰ። የተመለሰውም ሌላ መልክ ይዞ ነው። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሰዒድ ደኅና ነው። ፀሐይ ስትበረታ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል፣ እግሩ ይተሳሰራል፣ ምላሱ ይከብዳል፣ ሲቆም ይንገዳገዳል። ወንዝ ወርዶ ተለቃልቆ ሲመጣ ወይም ጀንበር ስትጠልቅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። እንግዲህ ይህን ያየ የገበያ ሰው ምን ይበል? ሰዒድ አረቄ ጀመረ አለ። ሱቁ ውስጥ ደብቆ ይጠጣል፣ ከዚያ ወንዝ ወርዶ አፉን ይታጠባል ተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሰዒድ የሰማው መጨረሻ ላይ ነው። የመስጊዱ ሽማግሌዎች በለሰለሰ አንደበት ለጊዜው እንዳያሰግድ ጠየቁት። ዕቃ በዱቤ ይሰጡት የነበሩ ነጋዴዎችም ምክንያት ማብዛት ጀመሩ።

አንድ ጠዋት ዘሃራ ልጇን አዝላ መጣች። በሽተኛ አልቆ እንደሆነ ዙሪያውን አየችና ተጠጋችኝ።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው።"

"ምን?"

"አፉን አሽትቺልኝ።"

ልስቅ ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት።

"እኔማ አሽትቼዋለሁ" አለች። "ምንም የለውም። ግን ሚስቱ ነኝ፤ የኔ አፍንጫ ያደላል። አባቴ ጅማ ሆኖ ሰምቷል። በቅርቡ በአውሮፕላን ይመጣል። ልጅሽን ይዘሽ ተነሺ ካለኝ እምቢ አልለውም፤ አባቴ ነው። ሰዒድ ደግሞ ካለኛ አይኖርም።"

የዚያኑ ቀን ቀትር ላይ ጨርቅ የምገዛ መስዬ ሱቁ ሄድኩ። ተጠግቼ አሸተትኩ። ሄል ያለበት ሻይ ብቻ ነው የሸተተኝ። ቀይ ጨርቅ ቁረጥልኝ ስለው ግን ቡናማ አወጣልኝ፤ ሲቆርጥም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምስኪን ሰውዬ፣ አንጀቴን በላው።

ለአቶ መኩሪያ ነገርኳቸውና አስጠሩት። ችግሩ ሰዒድ የመጣው በማለዳ መሆኑ ነው፤ ሱቅ ሳይከፍት፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ። በር ላይ ቆመው አዩት፤ እግሩ ትንሽ ገተር ብሏል እንጂ ደኅና ይራመዳል። ያን ቀን ከኢታንግ የመጡ ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ግቢውን ሞልተውት ነበርና ጥያቄያቸውን አሳጠሩ። ቁርጥማት ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ። "እግርህን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው፤ ጡንቻው ይፈታል" አሉት።

የደጋ ሰው ጋምቤላ ውስጥ ተቀምጦም "ብርድ መታኝ" ማለት አይተውም። እግር ከደነዘዘ ብርድ ነው፣ ወገብ ከያዘ ብርድ ነው፤ እንቁላል ድንጋይ ላይ በሚበስልበት አገር ሁላችንም እንደዚያ ነበርን። ሐኪሙ ሙቅ ውሃ ሲል የሰዒድ ጎረቤቶች ምክሩን አሳድገው ወሽባ አደረጉት። በቀትር፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከሚንፈቀፈቅ ድስት ፊት አስቀምጠው በሁለት ብርድ ልብስ ሸፈኑት።

ዘሃራ ባዶ እግሯን እየሮጠች መጣች። ስንደርስ ሰዒድ መሬት ላይ ተዘርሯል። እግሩን ማንቀሳቀስ አይችልም። ዓይኑ ተገልጧል፣ ግን እጄን ፊቱ ላይ ሳውለበልበው አይከተለውም።

"ጨለማ ነው" አለ። "ማን መጣ?"

አቶ መኩሪያ ብርድ ልብሱን ገፈው ወረወሩ። የሚፈላውን ድስት በእግራቸው ገፍተው ከቤት አስወጡት። "ውሃ" አሉ፤ ኦጁሉ ከበርሜል እየቀዳ አምጥቶ ከራሱ ጀምረን አፈሰስንበት። በእርጥብ ነጠላ ጠቅልለን እያራገብን ቆየን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ረጅም ነበር። መጀመሪያ የእግሩ ጣቶች ተንቀሳቀሱ። ቀጥሎ ወደ በሩ ብርሃን ዞረ። ከዚያ ሚስቱን አያት።

ያን ጊዜ አቶ መኩሪያ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት "ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ወሽባ የሠሩትን ማንም እንዳይወቅስ። ሙቀት ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ችኮላዬ ነው።" እንዲህ የሚል አለቃ አላየሁም ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ አላየሁም። ካርድ ጠፋ፣ ነርሷ አልነገረችኝም፣ በሽተኛው አልሰማኝም የሚሉ ብዙ አይቻለሁ።

ሰዉን አስወጥተው ሰዒድን አልጋ ላይ አስቀመጡትና እሳቸው መሬቱ ላይ እንደተቀመጡ "ከዚያ በፊትስ?" አሉት።

በዝግታ ተናገረ። ከክረምቱ ድንዛዜ በፊት ጅማ እያለ ግራ ዓይኑን አሞት ነበር። ዓይኑን ሲያንከባልለው ያመዋል፣ መሐሉ ይጨልማል። አንድ ሽማግሌ ቅጠል ጨምቀው አደረጉለትና ተሻለው። ከዚያ ወዲህ ግን ቀይ ጨርቅ በግራ ዓይኑ ሲያይ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ሆኖ ይታየዋል። ለማንም አልተናገረም፤ ቀለም የማያውቅ ጨርቅ ነጋዴ ማን ይገዛዋል?

"ሌላስ?"

ሰዒድ ዘሃራን አያት። ገባትና ልጇን ይዛ ወጣች። እኔም ልነሣ ስል "አንቺ ተቀመጪ ሲስተር፣ ሐኪም ነሽ" አለኝ።

"ስሰግድ" አለና ቆመ። "ስሰግድ አንገቴን ስደፋ፣ ከማጅራቴ ተነሥቶ እስከ እግሬ ጣት የሚወርድ ነገር አለ። እንደ ኮረንቲ ይነዝረኛል። ቀና ስል ይተወኛል። ሁልጊዜ በስግደት ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርዎት? አላህ ስግደቴን የመለሰብኝ መስሎኝ ነበር። ሰዉ ይጠጣል ይለኛል። ወላሂ ጠጥቼ አላውቅም። ግን አንድ የማላውቀው ጥፋት ባይኖርብኝ እንዲህ አይመልሰኝም ብዬ ፈራሁ።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። ይህ ሰው የደበቀው በሽታውን አልነበረም፤ ከፈጣሪው ጋር ተጣልቻለሁ ብሎ ያመነበትን ፍርሃት ነው። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

አቶ መኩሪያ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ አገጩን ወደ ደረቱ እንዲያስጠጋ ነገሩት። አስጠጋና ደነገጠ፤ እጁ ወደ እግሩ ሄደ።

"መጣ?"

"መጣ።"

"አየህ፣ ሳትሰግድ መጣ። የተጎዳው አንገትህ ውስጥ ያለው ነርቭ ነው። ጸሎትህ ምንም አልሆነም።"

ሰዒድ ፊቱን በእርጥቡ ነጠላ ሸፍኖ አለቀሰ። ያን ያህል ጊዜ ተሸክሞት የኖረው ለቅሶ ነው፤ እኛም አልከለከልነውም።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። አቶ መኩሪያ ከኪሳቸው የመድኃኒት ቤቱን ቁልፍ አወጡና የውስጥ እግሩን ከተረከዝ ወደ ጣቶቹ ፋቁት። የደኅና ሰው አውራ ጣት ወደ ታች ይታጠፋል፤ የሰዒድ ወደ ላይ ተነሣ። ጉልበቱን በእጃቸው ጎን ሲመቱት እግሩ ከልክ በላይ ተወረወረ። ቀይ ጨርቅ አስመጥተው ተራ በተራ ዓይኑን አስከደኑት። በመጨረሻ ጫማውን አንሥተው አሳዩኝ፤ የቀኙ አፍንጫ እስከ ውስጡ ተበልቷል። "ይህ በር ላይ ሲያልፍ የት ነበርኩ?" አሉ ለራሳቸው።

ወደ ጤና ጣቢያው ስንመለስ ወፍራሙን የትምህርት መጽሐፋቸውን ገለጡ። ነገሩን ለእኔ እንዲህ ነበር ያስረዱኝ፦ ነርቭ እንደ ሽቦ ነው፤ ከላዩ ሽፋን አለው። በዚህ በሽታ ሽፋኑ አንድ ጊዜ እዚህ፣ ሌላ ጊዜ እዚያ ይላጣል። ዛሬ ዓይን ላይ፣ ከዓመት በኋላ አከርካሪ ላይ። ስለዚህ አንዱን ሕመም ብቻ ያየ አያውቀውም፤ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ቦታ የታየውን አንድ ላይ መስፋት ያስፈልጋል። የተላጠ ነርቭ ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ ሲግል መልእክቱን ይጥላል፣ ሲቀዘቅዝ ያነሳዋል። ታዲያ መጽሐፉ በሽታው የቀዝቃዛ አገር ሰዎች እንደሆነ፣ በእኛ በኩል እንደማይታይ ይናገራል።

"ታዲያ አይደለማ?" አልኳቸው።

"መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ጋምቤላ አልመጡም" አሉ። "ግን ልሳሳት እችላለሁ። ዛሬ ተሳስቻለሁ።" አዲስ አበባ ላሉ የቀድሞ መምህራቸው በአውሮፕላኑ አብራሪ እጅ ጥያቄ ላኩ። መልሱ አልዘገየም፤ ሰውየውን ላክልን የሚል ነበር።

መልሱን ያመጣው አውሮፕላን የዘሃራን አባት ሼህ አወልንም አመጣ።

ሼሁ ቁመታቸው የተመዘዘ፣ አነጋገራቸው የተለካ ሰው ነበሩ። ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ጋር በሰዒድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ እኛም ተጠራን። ዘሃራ ዕቃዋን አስራ ውስጥ ተቀምጣለች። አቶ መኩሪያ ያዩትን ሁሉ፣ የራሳቸውን ስሕተት ጭምር፣ ተናገሩ። ሼሁ አላቋረጧቸውም።

"ዶክተር" አሉ ሲጨርሱ፣ "አንቱ ጥሩ ሰው ነዎት ይሉኛል። ጥሩ ሰው ደግሞ ለወዳጁ ይሸፍናል። ሲቀዘቅዝ የሚድን፣ ሲሞቅ የሚያሰክር በሽታ ሰምቼ አላውቅም። ልጄን እዚህ ትቼ ብሄድና እውነት ባይሆን፣ ለአላህ ምን እመልሳለሁ?"

ኦጁሉ ከምሰሶው አጠገብ ቆሞ ነበር። "ሼህ" አለ፣ "የሚጠጣ ሰው እኔ አውቃለሁ። የሚጠጣ ሰው እኔ ነኝ። ሰዒድ እኛ ጋ አንድ ቀን አልመጣም።"

ሽማግሌዎቹ ፈገግታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሰዒድ ግን ተነሣ።

"ነገ ከማለዳ ጀምሮ እዚሁ ፊታችሁ እቀመጣለሁ" አለ። "ከዓይናችሁ አልጠፋም። ከእርስዎ እጅ ያልተቀበልኩትን አልጠጣም። ቀትር ላይ ያዩኛል።"

"አይሆንም" አሉ አቶ መኩሪያ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ሙቀት ምን እንዳደረገህ አይቻለሁ። ደግሜ አላደርገውም።"

"እርስዎ አይደሉም የሚያደርጉት። ሱቄ ነው፤ በየቀኑ የምቀመጥበት ነው። ወሽባ አልገባም። ውሃው አጠገቤ ይቀመጥ። ስሜ ነው ዶክተር፤ ለስሜ አንድ ቀትር ብቀመጥ ምን አለበት?"

በማግስቱ ማለዳ ከሱቁ እስከ ወንዙ መውረጃ ሄዶ ተመለሰ፤ ሼሁ አብረውት ሄዱ። ቀጥ ብሎ ነበር የሚራመደው። ከዚያ ተቀመጡ። ሼሁ ከራሳቸው ኮዳ ውሃ ይቀዱለታል፣ ዓይናቸውን ከእሱ አይነቅሉም። ዶቃ ሊገዙ የመጡ ሴቶች ነገሩ ግራ ገብቷቸው ይመለሱ ነበር። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ። ሰዒድ ስለ ጅማ ገበያ እያወራ ነበር፤ መጀመሪያ ቃላቱ ረዘሙ፣ ቀጥሎ ተጣበቁ። አቶ መኩሪያ "በቃ" አሉ። ሰዒድ ሊነሣ ሲል ቀኝ እግሩ ወደኋላ ቀረ። ተንገዳግዶ በጨርቁ መደርደሪያ ላይ ወደቀ፤ ጣቃው ሁሉ በላዩ ተዘረገፈ።

ሼህ አወል ተነሥተው ሄዱ፤ ጎንበስ አሉና አፉን አሸተቱ። ሁለት ጊዜ አሸተቱ። ከዚያ ራሳቸው ባልዲውን አንሥተው ውሃውን በቀስታ ከአናቱ ላይ አፈሰሱለት፤ ለውዱእ የሚያስታጥቡት ያህል ፊቱን፣ እጁን፣ እግሩን በየተራ። እኔና ኦጁሉ ጥላ ውስጥ አስገብተን እያራገብን ውሃውን ደገምንለት። ቆይቶ ሰዒድ ተነሥቶ በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመደ። ንግግሩም ተስተካከለ።

"ሱብሃነላህ" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ሼሁ ወደ ውስጥ ዞረው "ዘሃራ፣ ዕቃሽን ፍቺ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ውስጥ ዘሃራ ስታለቅስ ተሰማን።

ሁሉም አበቃ ብዬ ስተነፍስ አቶ መኩሪያ ሌላ ነገር አመጡ። አዲስ አበባ የሚሰጡት መርፌ አለ፤ በሽታውን ነቅሎ አይጥልም፣ ግን የተነሣበትን ያሳጥረዋል አሉ። ይህን ካሉ በኋላ "አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ" አሉ፤ "መድኃኒቱ የሚወጣው ከአሳማ እጢ ነው።" እግራቸውን ረገጥኳቸው። ማን ጠየቃቸው? ሐኪሙ ይወጋል፣ በሽተኛው ይሻለዋል፣ ማን ያውቃል? እኔ ብሆን አፌን እዘጋ ነበር።

ሰዒድ ሼሁን አየ። ሽማግሌዎቹም ሼሁን አዩ። ሼሁ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ጠየቁ።

"ሌላ መድኃኒት አለው?"

"የማውቀው የለም።"

"እንግዲያስ በችግር ጊዜ የተከለከለውም ይፈቀዳል። ይወጋ። ጥያቄው ቢመጣ በእኔ አንገት ይሁን።" ከዚያ ወደ አቶ መኩሪያ ዞሩ። "ሳይነግሩኝ ወግተውት ቢሆን ግን ይቅር አልልዎትም ነበር።" ወደ ጤና ጣቢያው ስንመለስ አቶ መኩሪያ እግራቸውን እያሹ "ጫማሽ ተረከዙ ሹል ነው" አሉኝ። ስለዚያ ነገር ከዚህ ሌላ አልተናገሩኝም።

ሼሁና ሰዒድ አብረው አዲስ አበባ ሄዱ። እዚያ ከጀርባ አጥንቱ መሐል ውሃ ቀድተው መረመሩ፤ አቶ መኩሪያ እንዳሉት ሆነ። መርፌውን ጨርሶ ሲመለስ እግሩ ጠንክሮ፣ ፊቱ በርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና የእኛ ሥራ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ መድኃኒት አልነበረም። ሱቁን በማለዳና አመሻሽ ላይ እንዲከፍት፣ ቀትርን በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንዲያርፍ፣ ኢታንግ ገበያ ሲሄድ ገና ሳይነጋ እንዲነሣ፣ ወባ ሲይዘው ትኩሳቱን በቶሎ እንድናበርድ አደረግን። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዞ እግሩን የሚያሠራበትን መንገድ አሳየሁት፤ ሲሰንፍ እሰድበዋለሁ፣ በአኙዋክኛ ይመልስልኛል። ከበርሜሉ አጠገብ ያስቀመጥነው የእንጨት መቀመጫ ላይ ሆኖ እንዲሰግድ ሼሁ ፈቀዱለት። በሽታው ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል፤ አንዱ ግራ እግሩን ትንሽ አሰነፈበት። ቢሆንም እኔ ጋምቤላን ስለቅ ሱቁ ክፍት ነበር፣ ሁለት ልጆችም ተጨምረው ነበር፣ ኢማሙ ሲሄዱ የሚያሰግደውም እሱ ነበር። ዳነ አላልኩም። ተሻለው።

አቶ መኩሪያ ከእኔ በፊት ተዛውረው ሄዱ። እኔም ስንት ሆስፒታል ዞርኩ። "ከዚያ በፊትስ?" እያልኩ ስጠይቅ ሐኪሞች ሲስቁብኝ ኖሩ፤ እንደ ሰዒድ ያሉ ሌሎችም በዚያ ጥያቄ ተገኝተዋል። ለጎረቤቴም የነገርኳት ይህን ነው፦ የኛ ሰው ያለ ማሽን፣ በአንድ መርፌና በአንድ በርሜል ውሃ ቤቱን ይዞ ኖረ፤ ለልጅሽ ዛሬ በሽታው ሳይነሣ የሚይዝላት መድኃኒት አለ። ፈጥነው አውቀውላታል፣ ዋናው እሱ ነው።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን ሰዒድ ከአዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ሼሁ ወደ ጅማ የተመለሱበትን ቀን ነው። አውሮፕላኑ በጠዋት ይመጣል ተብሎ ሁላችን ማረፊያው ሄድን። ዘግይቶ የደረሰው ቀትር ላይ ነው። ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ዕቃ ጫኙ፣ ከተማው እንዳለ እዚያ ነበር። ሰዒድን ጥላ ውስጥ ሁን ብዬ ለመንኩት፤ አማቴን ሳልሸኝ አልቀርም አለ። ሼሁን ይዞ ሜዳውን መሻገር ሲጀምር እግሩ መጎተት ጀመረ። መሐል ላይ ተንገዳገደ። ከኋላዬ ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ነገሩን ያልሰማ አሁንም ብዙ ነበርና።

ሰዒድም ሰምቷል። ቆመ። "አባ፣ እርስዎ ይሂዱ" አለ፤ "እኔ ልመለስ። ሰው ያያል።"

ሼህ አወል ሻንጣቸውን ለኦጁሉ ሰጡት። ክንዳቸውን በሰዒድ ክንድ አስገቡና ትከሻቸውን አስጠጉት። እሱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል አብረው አዘነበሉ፣ ወደ ግራ ሲያዘነብል አብረው አዘነበሉ።

"ይየን" አሉ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ሰካራም የሚል ካለ ሁለታችንንም ይበል።"

እንደዚያ ሆነው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ ድረስ አብረው እየተንገዳገዱ ሄዱ።